ከተራን ከልጆች ጋር

ጥር 10 ከተራ ነው። ታቦታቱ ከየደብራቸው ወጥተው ወደ ጥምቀተ ባሕር ይወርዳሉ፤ ክርስቶስ ወደ ዮርዳኖስ መውረዱን ለማሰብ። አዲስ አበባ ላይ ትልቁ ማደሪያ ጃንሜዳ ነው። ዘንድሮ ሁለቱን ልጆችና እናቴን ይዘን ወጣን።

ጃንሜዳ ቀድመን ገብተን መጠበቁን አልፈለግነውም። በዚያ ሁሉ ሕዝብ መሃል ቆሞ መጠበቅ ለሕፃን ይከብዳል። የሰፈራችንን ታቦት ከደጁ ተቀብለን አብረን መሄድን መረጥን። ቀኑን ያሳመረው ይሄ ነው። ልጆቹ መዘምራኑን ያውቋቸዋል፤ ብዙዎቹ የጎረቤት ልጆች ናቸው። ወጣቶቹ ታቦቱ ያለፈበትን ቀይ ምንጣፍ ጠቅልለው፣ ተሸክመው እየሮጡ እንደገና ከፊት ያነጥፋሉ። ልጄ ዓይኑን ከነሱ መንቀል አቃተው።

«እኔስ መቼ ነው የማነጥፈው?»

«አንተ ብቻ እደግልኝ እንጂ ታነጥፋለህ፣ የኔ ጌታ» አለችው እናቴ።

ጥምቀት በ2012 ዓ.ም. በዩኔስኮ ሲመዘገብ ደስ ብሎኛል። ለኔ ግን በዓሉን የያዙት እነዚህ ላባቸው የሚንጠፈጠፍ የሰፈር ልጆች ናቸው።

«ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» ይባላልና ሴቷ ልጄ የሐበሻ ቀሚሷን ለብሳለች። ጫማዋ ግን ስኒከር ነው። እናቴ አልወደደችውም፤ እኔ በዚህ አልደራደርም። መንገዱ ረጅም ነው፣ ሰውም ይረግጣል። ጋቢም ያስፈልጋል፤ የጥር ፀሐይ ቢያቃጥልም ማታ ብርዱ አይቻልም። ቆሎ፣ ዳቦና ውኃ በቦርሳ ያዝን።

ከሁሉ በላይ ያሰብኩበት መጠፋፋቱን ነው። በየኪሳቸው ስልክ ቁጥራችንን ጽፌ ከተትኩ። ከቤት ሳንወጣ የምንገናኝበትን ቦታ ተስማማን። «ብትጠፉ ዩኒፎርም የለበሰ የሰንበት ተማሪ ፈልጉና ንገሩት» አልኳቸው፤ መንገድ ላይም ደጋግሜ አስባልኳቸው።

ትንንሽ ልጆች ላለው ሰው ከሦስቱ ቀናት የምመክረው ከተራን ነው። ጉዞው ከሰዓት ስለሆነ ምሳ በልተው፣ አረፍ ብለው ይወጣሉ። ሲደክማቸው ደግሞ ከመንገድ ተገንጥሎ መመለስ ይቻላል። እኛም ጃንሜዳ ሳንደርስ ተመለስን። እናቴ ግን ማኅሌቱን ቆማ ልታድር ከጎረቤቶቿ ጋር ቀጠለች።

ለከርሞ የምንጣፍ አንጣፊዎቹን አስተባባሪ አነጋግሬዋለሁ። አባቱ አብሮት ከሮጠ ልጁ ጫፉን መያዝ ይችላል ብሎኛል።