«ዝቅተኛው 5 ዓመት ነው»

የምኖረው ቨርጂኒያ ነው። ሥራዬ የፍርድ ቤት አስተርጓሚነት ነው። አማርኛ ተናጋሪ ሲከሰስ፣ ሲፋታ፣ ምስክር ሲሆን፣ መኪና ሲጋጭ ስልኬ ይጮኻል። አብዛኛው የትራፊክ ጣጣ ነው። ዛሬ የማወራችሁ ግን በፌዴራል ችሎት፣ በዕፅ ክስ ላይ፣ በአንዲት ቃል ስላበላሸሁት ነገር ነው። ሁሉም በግልጽ ችሎት የተባለ ነው። ቢሆንም ሰውየው እንዳይታወቅ አንዳንድ ነገር ቀያይሬያለሁ።

ሹፌር ነው። ዕድሜው ወደ 40 ይጠጋል። ከኤርፖርት ሰው እያመላለሰ ነበር የሚኖረው። አንድ የሚያውቀው ሰው «ይቺን ሻንጣ አድርስልኝ» አለው፤ አደረሰ። ደግሞ አለው፤ ደግሞ አደረሰ። በሦስተኛው ተያዘ። ሻንጣው ውስጥ ከግማሽ ኪሎ ትንሽ የሚያልፍ ኮኬይን ተገኘ። ምን እንደሚያመላልስ አያውቅም ነበር አልልም። እሱም አላለም።

ያ ቀን ጥፋቱን የሚያምንበት ቀን ነበር። ዳኛው የእምነት ቃሉን ከመቀበላቸው በፊት መብቱን አንድ በአንድ ይነግሩታል፣ ቅጣቱንም ይነግሩታል። እኔ አጠገቡ ተቀምጬ በሹክሹክታ እተረጉማለሁ። ከቅጣቱ ሲደርሱ እንዲህ አልኩት፦

«ግዴታ የሆነው ዝቅተኛ ቅጣት 5 ዓመት ነው፤ ከፍተኛው 40 ዓመት ነው።»

ቃል በቃል ብትመረምሩት እንከን አይወጣለትም። እኔም በልቤ «ጥሩ ወጣልኝ» ብያለሁ። የሰውየው ትከሻ ወረድ ሲል፣ ፊቱም ፈታ ሲል አየሁ። ያኔ መጠርጠር ነበረብኝ።

ዳኛው ጠንቃቃ ሰው ናቸው። «ገባህ ወይ?» ብለው «አዎ» ሲባሉ የሚያልፉ ዓይነት አይደሉም። የተረዳውን በራሱ አነጋገር እንዲነግራቸው ጠየቁት። ሰውየው ቀና ብሎ መለሰ፦

«ዝቅተኛ ቅጣት ሊሰጠኝ ግዴታ ነው ማለት ነው። ቢበዛ 5 ዓመት። ከዚያ ደግሞ ክቡር ዳኛው አይተው ይቀንሱልኛል።»

ይህን ወደ እንግሊዝኛ መመለስ ያለብኝ እኔው ነኝ። ገና ከአፌ ሲወጣ ጆሮዬ ጋለ።

ለካ «ዝቅተኛ» ለእኛ ጆሮ ትንሽ ማለት ነው። ዝቅተኛ ደመወዝ፣ ዝቅተኛ ኑሮ፣ ዝቅተኛ ውጤት። ያውም «ግዴታ» የምትል ቃል ከፊቷ ሰክቼባታለሁ። ሰውየው የሰማው «ፍርድ ቤቱ ቀላሉን ቅጣት የመስጠት ግዴታ አለበት» የሚል ነው። የምሥራች ነው የነገርኩት።

በእኛ ሙያ አስተርጓሚ ስለ ራሷ ስትናገር «እኔ» አትልም። መዝገቡ ላይ «እኔ» ተከሳሹ ነውና። እጄን አነሳሁ። «ክቡር ዳኛ፣ አስተርጓሚዋ የራሷን ስህተት ማረም ትፈልጋለች።» ጠበቃው ዞሮ አየኝ። ዐቃቤ ሕጉ ከወረቀቱ ቀና አለ። መሬት ተከፍቶ ቢውጠኝ ደስ ባለኝ። ዳኛው ፈቀዱ። አባባሉ በአማርኛ ለሌላ ትርጉም እንደተጋለጠ አስረዳሁና ወደ ሰውየው ተመለስኩ።

«ዳኛው ከ5 ዓመት በታች ሊቀጡዎት አይችሉም። ሕጉ አይፈቅድላቸውም። የሚወስኑት ከ5 እስከ 40 ዓመት ባለው ውስጥ ነው።»

ዝም አለ። ዳኛውን አየ። ከዚያ «እሳቸው ዳኛ አይደሉም እንዴ?» አለኝ።

ለእኔ ነው የጠየቀኝ። እኔ ግን መልስ የመስጠት ሥልጣን የለኝም። ጥያቄውን እንዳለ ተረጎምኩት። ዳኛው መነጽራቸውን አወለቁ። «ነኝ» አሉ፣ ሌላ ምንም ሳይጨምሩ። ወዲያው ጠበቃው ከደንበኛው ጋር የሚነጋገርበት ጊዜ እንዲሰጠው ጠየቀ፤ ተፈቀደ። ተመልሰው ሲገቡ ሰውየው ጥፋቱን አመነ። በዚህኛው ጊዜ ምን እንደሚያምን ያውቅ ነበር።

ይህ ሕግ ከየት እንደመጣ ያየሁት በኋላ ነው። መነሻው ከእኛ ሰፈር ብዙም አይርቅም። በፈረንጅ አቆጣጠር (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመቶችም እንዲሁ) በ1986 ሌን ባያስ የሚባል የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ቅርጫት ኳስ ተጫዋች ነበር። ቦስተን ሴልቲክስ የሚባለው ታዋቂ ቡድን በመረጠው በሁለተኛው ቀን ኮኬይን ወስዶ ሞተ። አገር ተንቀጠቀጠ። ምርጫ ደርሶ ስለነበር ምክር ቤቱ ተጣድፎ ሕጉን አወጣ፤ ፕሬዚዳንት ሬገንም በዚያው ዓመት ጥቅምት ውስጥ ፈረሙበት። ቅጣቱ የታሰረው በክብደት ነው። ኮኬይን 500 ግራም ከሆነ ከ5 ዓመት አያንስም፤ 5 ኪሎ ከሆነ ከ10 ዓመት አያንስም። የእኛ ሹፌር ሻንጣ ከግማሽ ኪሎ ትንሽ አለፈ ያልኳችሁ ለዚህ ነው። ትንሽ ጎድሎ ቢሆን ኖሮ ዳኛው ዳኛ ይሆኑ ነበር።

ማምለጫ የለም አይደለም። በ1994 አንድ በር ተከፍቷል፤ በ2018ም ሰፋ ተደርጓል። የከበደ የወንጀል ታሪክ የሌለው፣ መሪ ያልሆነ፣ መሣሪያ ያልያዘ፣ የሚያውቀውን በሙሉ ለመንግሥት የተናገረ ሰው ከመነሻው ቅጣት በታች ሊቀጣ ይችላል። የእኛ ሰው ግን ማታ ማታ ስለሚሠራ፣ አንዴም ስለተዘረፈ፣ የመኪናው ኪስ ውስጥ ሽጉጥ ነበረው። በሩ በዚያው ተዘጋ። ሌላው በር ደግሞ መርማሪዎችን መርዳት ነው። ያንን የሚከፍተው ዐቃቤ ሕግ ብቻ ነው፤ እሱ ካልጠየቀ ዳኛው በራሳቸው መክፈት አይችሉም። ሹፌሩ የሚያውቀው ሻንጣውን የሰጠውን ሰው የቁልምጫ ስምና የተቋረጠ ስልክ ነው። በዚህ ማን ይደራደራል? ከላይ ያለው ትልቁ ነጋዴ ቢያዝ ግን የሚሸጠው ብዙ ስም አለው። እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው።

አብራኝ የምትሠራ የስፓኒሽ አስተርጓሚ አለች። በዚህ ነገር አንስማማም። የእህቷ ልጅ ፈንታኒል በሚባል ዕፅ ነው የሞተው። ከችሎቱ በኋላ ቡና ስንጠጣ ነገሩን ብነግራት «ሻንጣውን የሚያደርስ ባይኖር የእህቴ ልጅ ይሞት ነበር?» አለችኝ። ምን ትላላችሁ? ቡናዬን አማሰልኩ። ደግሞ ሌላ ነገር አነሳች፦ መነሻ ከሌለ ቅጣቱ የዕድል ነገር ይሆናል፤ ለአንድ ዓይነት ጥፋት ለአንዱ ልል ዳኛ ይደርሰዋል፣ ለሌላው ጨካኝ። ይህቺኛዋ እውነት አላት።

ግን ያ እኩል ያደርጋል የተባለው ሕግ ራሱ ምን እንዳደረገ ነገርኳት። ለክራክ፣ ማለትም ጠጥሮ ለሚጨሰው ኮኬይን 5 ግራም፣ ለዱቄቱ 500 ግራም፤ ቅጣቱ አንድ ዓይነት፣ 5 ዓመት። በክራክ ይከሰሱ የነበሩት በብዛት ጥቁሮች ናቸው። ይህ 100 ለ1 የሆነ ሚዛን ወደ 18 ለ1 የወረደው በ2010 ነው። አሁንም እኩል አይደለም። ደግሞስ ሥልጣኑ የት ጠፋ? አልጠፋም። ክሱ ላይ ምን ያህል ግራም እንደሚጻፍ ወደሚወስነው ዐቃቤ ሕግ ተሻገረ እንጂ። ዳኛ ቢያንስ በአደባባይ፣ ምክንያቱን ተናግሮ ነው የሚቀጣ። በ2004 ዩታ ውስጥ ዳኛ ፖል ካሴል ሽጉጥ ይዞ ጥቂት ማሪዋና ለሸጠ ወጣት ቅጣቱ ፍትሐዊ አለመሆኑን በፍርዱ ላይ ጽፈው፣ ሕጉ ስላስገደዳቸው ግን 55 ዓመት ፈረዱበት። ልጁ በ2016 ነው የወጣው።

ጓደኛዬ አላመነችልኝም። እኔም አላሳመንኳትም። ሒሳቡን እሷ ከፈለች።

ማታ አዲስ አበባ ጠበቃ ለሆነ የአክስቴ ልጅ ደወልኩ። ስቆ ሊሞት። «አንቺ፣ እኛ እኮ ‹ከ5 ዓመት በማያንስ ጽኑ እስራት› ነው የምንለው! የወንጀል ሕጉን አንቀጽ 525 አላየሽም?» አለኝ። የእኛም የዕፅ አንቀጽ ለካ መነሻው 5 ዓመት ነው። ልዩነቱን ጠየቅኩት። እኛ ጋ በሕግ የታወቀ ማቅለያ ካለ ዳኛው ከመነሻው በታች ሊወርድ ይችላል አለኝ። ሹፌሩ «ክቡር ዳኛው አይተው ይቀንሱልኛል» ያለው ከሜዳ ተነስቶ አልነበረም። የሚያውቀውን አገር ሕግ ነው የተናገረው። የቃላት ደብተሬን አወጣሁና «ዝቅተኛ ቅጣት» የሚለውን በቀይ ሰረዝኩት። አጠገቡ «ከ… የማያንስ» ብዬ ጻፍኩ።

የፍርዱ ቀን ከወራት በኋላ ደረሰ። እኔው ተጠራሁ። የቅጣት አወሳሰን መመሪያው ያወጣለት ከ46 እስከ 57 ወር ነበር። ግን ሕጉ ስለሚበልጥ ያ ስሌት ወረቀት ላይ ቀረ። ዳኛው በእጃቸው ቢሆን ኖሮ ከዚህ የሚያንስ ይቀጡ እንደነበር ተናገሩና 60 ወር ፈረዱ። ሕጉ የሚያዝዘውን «ከ60 ወር የማያንስ» ብዬ ስተረጉም ድምፄን ከፍ አደረግኩ። ሰውየው ራሱን ነቀነቀ።

ከዚያ «አመክሮ አለው?» አለ። ተረጎምኩ። በፌዴራል እስር ቤት አመክሮ ከቀረ ቆይቷል፤ ከ1987 ወዲህ ለሚፈጸም ወንጀል አይሠራም። ጠበቃው ጎንበስ ብሎ በጥሩ ጠባይ በዓመት እስከ 54 ቀን እንደሚቀነስ ነገረው። ሰውየው ሁለት እጁን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ። 54 በ5 እያለ በጣቶቹ መቁጠር ጀመረ። ፖሊሱ ካቴናውን ይዞ አጠገቡ እስኪደርስ ቆጥሮ አልጨረሰም ነበር።