ሐምሌ 6፣ የሥላሴ ዋዜማ

በየዓመቱ ሐምሌ 6 ማታ የማልተወው ልማድ አለኝ። ሥራ አልቀበልም። ሁለቱን ስፒከሮቼን ሳሎን አስገብቼ እተክላለሁ፣ ስልኬን አጠፋለሁ፣ ከዚያ የላይቭ ኤድን ኮንሰርት ከዩቲዩብ አወጣና እየቆራረጥኩ አያለሁ። ሥራዬ ሳውንድ ነው። ሠርግም ይሁን ኮንሰርት፣ ከሚክሰሩ ጀርባ የምቆመው ሰውዬ እኔ ነኝ። ስለዚህ ያንን ቀን ከማየት ይልቅ አዳምጠዋለሁ ብል ይሻላል።

ቀኑ ሐምሌ 6 ቀን 1977 ነው፤ በፈረንጆቹ ጁላይ 13፣ 1985፣ ቅዳሜ። ለንደን ዌምብሌይ ስታዲየም እኩለ ቀን ላይ ሲጀመር አዲስ አበባ ከቀኑ 8 ሰዓት ነበር። ዌምብሌይ ውስጥ 72 ሺህ ሰው፣ አሜሪካ ፊላደልፊያ ውስጥ ደግሞ ወደ 90 ሺህ ሰው። ሁለቱ ስታዲየሞች በሳተላይት ተገናኝተው 16 ሰዓት ያህል ተዘፈነ። ሰው ሁሉ የተጠራው በእኛ ረሃብ ነው።

የነገሩ መነሻ ኮረም ናት። ጥቅምት 13 ቀን 1977 ቢቢሲ የማይክል ቡርክን ዘገባ ከኮረም አሳየ። ካሜራውን የያዘው ኬንያዊው መሐመድ አሚን ነው። ዓለም እኛን ያየው በዚህ ሰው ዓይን ነው። አሚን ኅዳር 1989 ተጠልፎ ኮሞሮስ አጠገብ ባሕር ላይ በወደቀው አውሮፕላናችን ውስጥ ነበር፤ እዚያው ሕይወቱ አለፈ። ስሙን ሳነሳ ሁሌም ሆዴ ይባባል።

ያንን ዘገባ ቤቱ ቁጭ ብሎ ያየው አየርላንዳዊው ዘፋኝ ቦብ ጌልዶፍ ከሚጅ ዩር ጋር ሆኖ ዘፈን ጻፈ። ኅዳር 16 የእንግሊዝን ዘፋኞች አንድ ስቱዲዮ ሰብስቦ አስቀረጸው። ዘፈኑ ስለ እኛ፣ የገና በዓል መሆኑን ያውቁ ይሆን ወይ ብሎ ይጠይቃል። ላሊበላ ያለችው እዚያው ረሃቡ በገባበት ወሎ ውስጥ ነው። በልባቸው ቅንነት አልጠራጠርም፤ ጥያቄው ግን እስከ ዛሬ አልተዋጠልኝም።

ያው ጌልዶፍ ወዳዘጋጀው ኮንሰርት ልመለስ። ስለዚያ ቀን ሲወራ ሁሉም ሰው መጀመሪያ የሚያነሳው ኩዊን የተባለውን የእንግሊዝ ባንድ ነው። ልክ ናቸው። 21 ደቂቃ ገደማ ብቻ ነው የተጫወቱት። ዘፋኛቸው ፍሬዲ መርኩሪ በድምፁ ብቻ እየጠራ 72 ሺህ ሰው ሲመልስለት ሳይ ፀጉሬ ይቆማል። እስቲ ሌላም ነገር እዩልኝ። ሕዝቡ እጁን ወደ ላይ አንስቶ ሲያጨበጭብ ጭብጨባው ከፊት ወደ ኋላ እንደ ነፋስ የነካው የጤፍ ማሳ ይሄዳል። ድምፅ 100 ሜትር ለመሄድ የሰከንድ አንድ ሦስተኛ ያህል ይፈጅበታል። ኋላ ያለው ሰው የሚያጨበጭበው ፊት ካለው ዘግይቶ ነው፤ ለእሱ ግን ልክ በሰዓቱ ነው። ድምፅ በዓይን ሲታይ ማለት ይኼ ነው።

ሌላውን ቶሎ ቶሎ ልበል። ዘ ሁ የሚባሉት ባንድ እየተጫወቱ መሐል ላይ ፊውዝ ተቃጥሎ ስርጭቱ ተቋረጠ። ፊል ኮሊንስ ለንደን ዘፍኖ በኮንኮርድ አትላንቲክን ተሻገረና የዚያኑ ዕለት ፊላደልፊያ ከበሮ መታ። ቦብ ዲላን የጊታሩ ክር ሲበጠስ አጠገቡ የነበረው ሮኒ ዉድ የራሱን ጊታር አውልቆ ሰጠው። ራሱ ያለ ጊታር ቆሞ ቀረ። ይቺን በጣም ነው የምወዳት።

አንድ ቦታ ግን ሁሌ ቪዲዮውን አቁሜ እንደገና ከመጀመሪያው አያለሁ። ለንደን ላይ መሽቷል። ፖል ማካርትኒ ፒያኖ ላይ ተቀምጦ መዝፈን ጀመረ። ማይኩ አይሠራም። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፣ ፒያኖው ይሰማል፣ የሰውዬው ድምፅ የለም። ሁለት ደቂቃ ያህል! ይህ በእኔም ላይ ደርሷል። አንድ ትልቅ ሠርግ ላይ ዘፋኙ ሙሽሮቹ ፊት ቆሞ ማይኩ ጭጭ አለ። ችግሩ አንድ ገመድ ነበር፤ እስካገኘው አንድ ደቂቃ አልፈጀም። ላቡ ግን እስከ ማታ አልደረቀልኝም። ስለዚህ ማካርትኒን ሳይ የማስበው ከመድረኩ ሥር በጨለማ ገመድ ለገመድ የሚሯሯጠውን ባለሙያ ነው። ያን ጊዜ ሕዝቡ ምን አደረገ? ዘፈኑን ተቀብሎ ራሱ ዘፈነው። ማይኩ ሲመለስ ስታዲየሙ ሁሉ እየዘፈነ ነበር።

ለእኔ ግን የቀኑ ትልቁ ሰዓት ይሄም አይደለም። ዴቪድ ቦዊ አምስት ዘፈን አዘጋጅቶ ነበር። ጌልዶፍ እንደተናገረው፣ ከኮንሰርቱ በፊት የካናዳ ቴሌቪዥን ኢትዮጵያ ውስጥ የቀረጸውን ፊልም ሲያሳየው ቦዊ አለቀሰ፤ አንድ ዘፈን ልቀንስና ይህ ይታይ አለ። ዘፋኝ ለምታውቁ ሰዎች ይህ ቀላል አይደለም። ዓለም በሙሉ እያየው፣ የተሰጠው ጥቂት ደቂቃ ሆኖ፣ ከዚያ ላይ ቆርሶ ሰጠ። አራት ዘፈን ዘፈነና ፊልሙን አስተዋውቆ ወረደ።

ፊልሙ ላይ የተደረበው ዘ ካርስ የተባለው ባንድ ዘፈን «ድራይቭ» ነው። ለስላሳ የፍቅር ዘፈን ነው፤ ስለ ረሃብ አንድም ቃል የለውም። አንድ ልጅ ለመነሳት ይታገላል። ጉልበቱ አልጸናለትም። ዘፈኑ ማን ወደ ቤት ያደርስሻል እያለ ይጠይቃል። ስታዲየሙ ጸጥ ይላል። ከዚያ በኋላ የርዳታው ገንዘብ ጎረፈ። በጠቅላላው ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሰበሰበ።

በዚያ ቀን በለንደኑም በፊላደልፊያውም መድረክ አንድም ኢትዮጵያዊ ዘፋኝ አልቆመም። ይህ ያሳዝነኛል። እኛ በሥዕል ነበርን እንጂ በድምፅ አልነበርንም።

እናቴ የ77 ሰው ናት። በ14 ዓመቷ ከታናሽ እህቷ ጋር በእግሯ ኮረም ገብታለች። ስለዚያ ጊዜ ብዙ አታወራም። ዘንድሮ ሐምሌ 6 ቤቴ መጥታ ነበር። እስቲ ምን እያየህ ነው ብላ አጠገቤ ተቀመጠች። ያን ዕለት ለንደን ላይ ለእናንተ ሲዘፈን ነበር አልኳት።

«መቼ?»

«ሐምሌ 6፣ ሰባ ሰባት።»

በጣቷ ቆጠረች። «የሥላሴ ዋዜማ ነዋ። ጾመ ሐዋርያት በተፈታ በማግስቱ» አለች። እሷ ቀን የምታውቀው እንዲህ ነው። ከዚያ ትንሽ ዝም ብላ፣ «እኛማ ምኑን ፈትተን» አለች።

ፍሬዲን ዝም ብላ አየችው። የማካርትኒን ማይክ ሳሳያት «ምስኪን» አለች። ፊልሙ ሲመጣ ግን ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። ልዝጋው ወይ ስላት በእጇ ተው አለችኝ። አንዲት ሕፃን ፊቷ ጎልቶ ሲታይ፣ «ይቺ ልጅ ተረፈች?» ብላ ጠየቀች።

ተርፋለች አልኳት። ብርሃን ወልዱ ትባላለች። ትሞታለች ተብላ ነበር። ከ20 ዓመት በኋላ ሰኔ 25 ቀን 1997 ለንደን ሃይድ ፓርክ፣ የላይቭ ኤድ ተከታይ በሆነው ላይቭ ኤይት ኮንሰርት ላይ ከዘፋኟ ማዶና ጎን ቆማለች።

«ተመስገን» አለች እናቴ። ደጋግማ አለችው። ቀጥላ፣ «እስቲ ዘፈኑን አጥፋውና የሰዎቹን ድምፅ አሰማኝ» አለችኝ።

ከዘፈኑ በቀር ሌላ ድምፅ እንደሌለው ነገርኳት። ሊገባት አልቻለም። «አንተ የድምፅ ሰው አይደለህም እንዴ? አውጣው እንጂ።»

«እማዬ፣ የለም። አልተቀዳም።»

«ሳል ነበር» አለች። «ኮረም ብርድ ነው። ሊነጋጋ ሲል ከዳር እስከ ዳር ሳል ብቻ ነው የሚሰማው። ሳሉ ሲቀንስ ነበር የምንፈራው።» ጥቂት ቆይታ፣ «ጥላሁን ነው የሰማው» አለች። «ዋይ ዋይ ሲሉ» የሚለውን ዘፈኑን ማለቷ ነው። እሱ ዘፈን ውስጥ ሳሉ አለ።

ቪዲዮውን ዘግቼ የጥላሁንን አወጣሁላት። ድምፁን ከፍ ላድርገው ወይ ስላት፣ እዚያው ላይ ተወው አለችኝ።