ምግብ ቤት ከመምረጥ በፊት ቀኑ፣ ጠርሙስ ከመያዝ በፊት ስልኩ

«የት እንብላ?» ሲባል ሁሉም ስም ይጠራል። አንዱ የክትፎ ቤት፣ ሌላው የየመን ቤት፣ ሌላው አዲስ የተከፈተ የህንድ ቤት። እኔ ግን መጀመሪያ የምጠይቀው «ዛሬ ምን ቀን ነው? ስንት ሰዓት ላይ ነው የምንበላው?» የሚለውን ነው። መሃል አዲስ አበባ ያለ ምግብ ቤት ማክሰኞ ማታ የሚያቀርበውና ረቡዕ ቀን የሚያቀርበው አንድ አይደለም። ሥጋው የሚገባው፣ ሩዙ የሚወጣው፣ ወጡ የሚሠራው በላተኛው ሲኖር ነው። የክትፎውንም የመንዲውንም (የየመኖቹን ሥጋ በሩዝ) ጥሩ ለማግኘት ባለቤቱና የሰፈሩ ሰው ራሳቸው በሚበሉበት ሰዓት መሄድ ነው።

ከክትፎ እንጀምር። ረቡዕና ዓርብ፣ በተለይ ደግሞ በዐቢይ ጾም 55 ቀናት፣ የክትፎና የሥጋ ቤቶች ገበያ ይቀዘቅዛል። ብዙዎቹ ይዘጋሉ፤ የቀሩትም ወደ አሳና ወደ በያይነቱ ይዞራሉ። በጾም ቀን ሥጋ የሚሸጥ ቤት ብታገኙ ሥጋው የትናንት ወይም የትናንት ወዲያ ሊሆን ይችላል፤ ጥሬ ወይም ለብለብ ለሚበላ ሰው ደግሞ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ከቄራ ትኩስ ሥጋ በብዛት የሚገባው ሰው በሚበላበት ቀን ነው። ስለዚህ ቅዳሜና እሁድ ምሳ ላይ፣ አለዚያ ማክሰኞ ወይም ሐሙስ፣ የጾሙ ዋዜማ ስለሆነ ቤቱ ሲሞላ ሂዱ። ወረፋው ያሰለቻል፤ ሥጋው ግን አያድርም።

ክትፎው ሲቀርብ አንድ ደቂቃ ወስዳችሁ እዩት። በቢላ የተከተፈ ሥጋ ፍሬ ፍሬው ይለያል። በማሽን የተፈጨው ይለጥፋል፤ ትንሽ ሲቆይ ዳር ዳሩን ቀላ ያለ ውሃ ይለቃል። ጥርስ ውስጥ የሚገባ ጅማት ካገኛችሁ ሥጋው ሲዘጋጅ በደንብ አልጸዳም። ቅቤው ኮሰረትና ኮረሪማ መሽተት አለበት፤ ጉሮሮ የሚይዝ ሽታ ካለው ከርሟል። ቅቤው ነጭ ሆኖ ጣባው ላይ ከረጋ ደግሞ ጣባው ሳይሞቅ ነው የቀረበው፣ «አሙቁልን» ማለት ነውር የለውም። ሚጥሚጣውን ለብቻው አስመጡ፤ ሲበዛ የሥጋውንም የቅቤውንም ጉድለት ይሸፍናል። ከሁሉ በላይ ግን ቤቱን የሚያጋልጠው ቆጮው ነው። ጥሩው ስስ ነው፣ ዳሩ ጠበስ ያለ፣ ኮምጠጥ የሚል፣ ሲቆርሱት የሚለቅ። ደጋግሞ የሞቀ ቆጮ እንደ ጎማ ይሳባል፣ ይህን የሚያቀርብ ቤት አይቡንም ከትናንት አሳድሮት ይሆናል።

ስለ ጥሬ ሥጋ አንድ ነገር በግልጽ ልበል። ኮሶ የሚይዘው በደንብ ካልበሰለ የበሬ ሥጋ ነው። ሚጥሚጣም ሆነ አረቄ የኮሶን ዘር አይገድልም፤ ለብለብም መሃሉ ስለማይበስል አያድንም። ለልጆችና ለነፍሰ ጡር «የበሰለ» ብላችሁ እዘዙ፣ መሃሉ ቀይ ሆኖ ከመጣ መልሱት።

በኪሎ የሚሸጥ ሥጋ ቤት ስትገቡ ከመቀመጣችሁ በፊት ሥጋው የተሰቀለበት ጋ ሂዱ። የቄራው ማህተም የት እንዳለ ጠይቁ፣ የምትፈልጉትን ክፍል በጣታችሁ አሳዩ፣ ሚዛኑ ላይ ሲወጣ ቁሙ። ለጥሬ ሻኛና ታላቅ፣ ለጥብስ ሽንጥ፣ ቅባት ለሚወድ ጎድን። የምትከፍሉት ሥጋው ከመጠበሱ በፊት ባለው ክብደት ነው፤ ሲጠበስ ከሩብ እስከ ሲሶ ያህሉ ይቀንሳል፣ ጎድን ከሆነ አጥንቱም አለ። ለአራት ሰው 1 ኪሎ ጥብስና አንድ ተጋቢኖ ሽሮ ይበቃል። የሚጠበስበት ሒሳብና እንጀራው በኪሎው ዋጋ ውስጥ መሆን አለመሆኑን እዚያው ሚዛኑ ጋ ቆማችሁ ጠይቁ። ጠብ የሚነሳው እዚህ ላይ ነው።

የጾም ምግብ ለሚፈልግ ነገሩ ይገለበጣል። ረቡዕና ዓርብ በያይነቱ ዓይነቱም ይበዛል፣ ቅቤም አይነካውም። በፍስክ ቀን ግን ጎመኑ ወይም ሽሮው ውስጥ ቅቤ ሊገባ ይችላል፤ የእንስሳት ተዋጽኦ ጨርሶ የማይበላ እንግዳ ካላችሁ የጾም ቀን ምረጡለት፣ አለዚያ በጾም ቡፌው የሚታወቀውን፣ ፒያሳ ያለውን ጣይቱ ሆቴልን አስቡ። አሳም እንዲሁ ነው፤ በሁዳዴና በፍልሰታ ገበያው ስለሚደራ ቶሎ ቶሎ ይገባል። ሙሉ ቆሮሶ ስታዙ ከመጠበሱ በፊት አስመጡና ዓይኑን እዩ። ጎድጉዶ ከደፈረሰ ጉላሽ እንኳ አታስደርጉት።

የየመንና የሶማሌ ቤቶች የሚከተሉት የቀን አቆጣጠር ሌላ ነው። በሁዳዴም ሥጋው እንደ ወትሮው ይገባል፤ በረመዳን ግን ቀን ላይ አብዛኞቹ ዝግ ናቸው፣ ከፀሐይ መጥለቅ በኋላ ነው ቤቱ የሚሞላው። መንዲ የሚሠራው በተዘጋ ጉድጓድ ምድጃ ውስጥ ነው፤ ሥጋው ከላይ ሆኖ ቅባቱና መረቁ ከሥር ባለው ሩዝ ላይ ይንጠባጠባል። ብዙ ቤት ምድጃው የሚከፈተው ለምሳ ስለሆነ ከ6 ሰዓት ተኩል እስከ 7 ሰዓት ተኩል ባለው ጊዜ ድረሱ። 10 ሰዓት ላይ የምታገኙት መንዲ የሞቀ ነው፤ ሥጋው ሲጎተት ይደርቃል፣ ሩዙም ይጓጉላል። ጥሩው ሩዝ እያንዳንዱ ፍሬ ተለይቶ፣ ቅባቱ ሳህኑ ሥር ሳይጠራቀም ይመጣል። ፋህሳ፣ ማለትም የየመኖቹን የሥጋ ወጥ፣ ካዘዛችሁ ጠረጴዛው ላይ ሲደርስም በድንጋይ ድስቱ ውስጥ እየፈላ መሆን አለበት፤ ከላይ ያለው የአብሽ አረፋ ከሟሸሸ ቆይቶ የመጣ ነው። ቂጣው ምላዋህ ይባላል፣ ገጹ ብዙ ድርብ ያለው፤ በትኩሱ ነው የሚበላው፣ ስለዚህ አንድ አንድ እያደረጋችሁ እዘዙ። ሶማሌ ቤት ደግሞ፣ ቦሌ ሚካኤል አካባቢ በብዛት አሉ፣ ከሩዙ ጋር የሚመጣውን ሙዝ ለማጣፈጫ አታቆዩት። እየቆረሱ ከፍየል ሥጋው ጋር አብሮ ነው የሚጎረሰው። ጠዋት የሚሄድ ሰው ጉበቱን ከአንጀሮው፣ ከሶማሌው እንጀራ፣ ጋር ያገኛል፣ ከረፈደ ያልቃል።

ድብልቅ ጓደኞች ካሏችሁ የሥጋውን ነገር ከቤት ሳትወጡ ተነጋገሩ። የሙስሊም ሥጋ የማይበላ ክርስቲያን አለ፣ የክርስቲያን ሥጋ የማይበላ ሙስሊም አለ፣ ጠረጴዛ ላይ ደርሶ ይህን መናገር ለሁሉም ያሳፍራል። አሳ ቤት ወይም የጾም ቤት ሁሉንም በአንድ ገበታ ያስቀምጣል።

ፓስታና ባቄላ ነገር ስታዙ ደግሞ ከፍታውን አስቡ። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ፓስታው እሽጉ ላይ ከተጻፈው ደቂቃ በላይ ይፈልጋል፣ የህንዱ ሽምብራና ቀይ ቦሎቄ ያለ ፕሬዠር ኩከር መሃሉ ደረቅ ይቀራል። ጣሊያን ቤት ያዘዛችሁት ስፓጌቲ በ5 ደቂቃ ከመጣ አስቀድሞ የተቀቀለና ውሃ ውስጥ ገብቶ የወጣ ነው፤ ለዚህ ነው የሚልፈሰፈሰው። 15 ደቂቃ ጠብቁ የሚላችሁን ቤት አመስግኑት። ቻይና ቤት ብዙ የምለው የለም፣ ብዙ ሆናችሁ ሂዱና ትኩስ ትኩሱን ተካፈሉ።

አሁን ወደ ጠርሙሱ። የራስን መጠጥ ይዞ መግባት በሠርግና በድግስ አዳራሽ የተለመደ ስለሆነ ኮርኬጅ የሚለውን ቃል፣ ማለትም ቤቱ ለዚህ የሚያስከፍለውን፣ ሁሉም አስተናጋጅ ያውቀዋል። ትንንሽ ምግብ ቤቶች ግን የተጻፈ ዋጋ የላቸውም። ያን ቀን ያለው ኃላፊ የተናገረው ነው ዋጋው። ስለዚህ ቀድማችሁ ደውሉ፣ የሚያነሳውንም ሰው ስም ያዙ። ጥያቄው አጭር ነው፦ «ወይን ይዘን ብንመጣ ትፈቅዳላችሁ? ኮርኬጁ በጠርሙስ ነው በሰው? ቫት ይጨመርበታል?» ለወይንና ለውስኪ አንድ ዓይነት ዋጋ አይጠየቅም፤ የውስኪው ይበዛል፣ ቤቱ በሹት ሸጦ የሚያገኘውን ስለሚያጣ። ቢራ ይዞ መሄድ ግን በፍጹም አልመክርም። ብዙ ሥጋ ቤት ግቢ ውስጥ ግሮሰሪው የሌላ ሰው ነው፣ የሚኖረውም በዚያ ቢራ ነው። የየመንና የሶማሌ ቤት ውስጥ ደግሞ ጥያቄው ራሱ አይጠየቅም። ጠርሙሱ በፌስታል ተጠቅልሎም ቢሆን አይገባም፣ ቤት ይቅር።

የሚያዋጣው ደረቅ ወይን ነው፣ ሰፈር ውስጥ ባሉ ግሮሰሪዎች እንደ ልብ ስለማይገኝ። ለጥብስና ለላዛኛ ጉደር ወይም ከዝዋይ የሚመጣው ሪፍት ቫሊ ቀይ ይስማማል። በርበሬ የበዛበት ወጥ ካለ ግን ደረቁና አልኮሉ ከፍ ያለው ቀይ ቃጠሎውን ያባብሰዋል፤ እዚያ ላይ ለዘብ ያለ ጣፋጭ፣ ለምሳሌ አክሱሚት፣ ከዶሮ ወጥ ጋር የተሻለ ነው። ይህን የሚንቁ ወይን ጠጪዎች አሉ፤ አንድ ጉርሻ ከቀይ ወጡ ጋር ቢሞክሩት ይገባቸዋል። አንድ የ750 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ 5 ብርጭቆ ይወጣዋል፣ ለአራት ሰው ሁለት ያዙ። የቡሽ መክፈቻ ከራሳችሁ ጋር ይሁን፤ ትንሽ ቤት አይኖረውም፣ በሹካ የተገፋ ቡሽ ተፈርፍሮ ወይኑ ውስጥ ይቀራል። ነጭ ወይን ቤት ፍሪጅ ውስጥ ለ3 ሰዓት ይቆይ። ከረሳችሁት በረዶ፣ ውሃና አንድ እፍኝ ጨው ባልዲ ውስጥ አድርጋችሁ ጠርሙሱን እስከ አንገቱ አስጠልቁት፣ በ20 ደቂቃ ይበርዳል። በረዶው ብቻውን ከሆነ ይዘገያል፣ ጠርሙሱን የሚነካው ጥቂት ቦታ ላይ ነውና። ሻምፓኝ ነገር ካለ ይበልጥ አብርዱት። ከፍታችን ላይ የአየሩ ግፊት ዝቅተኛ ስለሆነ ያልበረደ ጠርሙስ ሲከፈት አረፋው ግማሹን ይዞ ይፈስሳል። የቤት ጠጅ የምትይዙ ከሆነ ጀሪካኑን እስከ አፉ አትሙሉት፣ ክዳኑንም ላላ አድርጉት። መፍላቱን ስላላቆመ በመኪና ሲናጥ ያብጣል፣ ወንበሩንም ያበላሻል።

ሒሳቡን ሳታዙ አስሉ። ሜኑው ላይ «ቫትን አይጨምርም» ተብሎ በትንሹ ከተጻፈና 10 ከመቶ የአገልግሎት ክፍያም ካለ፣ 1,000 ብር የተጻፈው ምግብ መጀመሪያ 1,100 ይሆናል፣ በዚያ ላይ 15 ከመቶ ቫት ሲመጣ 1,265 ብር ይደርሳል። ኮርኬጁ ከነዚህ በፊት ነው የሚደመረው ወይስ በኋላ የሚለውም ልዩነት አለው፣ ለብዙ ሰው ግብዣ በተለይ።

አድራሻን በተመለከተ፣ ከ2016 ወዲህ ፒያሳ፣ ከ2017 ደግሞ ካዛንቺስ በኮሪደር ልማቱ ብዙ ቤት ፈርሷል፤ የድሮ ዝናቸው ያለ ቤቶች ወደ ሌላ ሰፈር ሄደዋል፣ አንዳንዶቹም ስሙን ብቻ ይዘው ነው። ካርታው ላይ ያለው ነጥብ አሮጌውን ቦታ ሊያሳያችሁ ይችላል። ስለ ኮርኬጁ ስትደውሉ «አሁን የት ናችሁ? ወጥ ቤት ያለው ያው የቀድሞው ሰው ነው?» ብላችሁ አብራችሁ ጠይቁ። የቀድሞው ሰው ከሄደ፣ እንግዳ ይዛችሁ ከመሄዳችሁ በፊት አንድ የሥራ ቀን ምሳ ላይ ብቻችሁን ቅመሱት።