ከማስተር በኋላ ቹንግ ሙን ስሠራ

የቴኳንዶ አሰልጣኛችን ማስተር ካረፉ ነገ አራት ወር ይሞላቸዋል። አርባቸው እስኪወጣ ዶቦኬን፣ የልምምድ ልብሴን፣ ከቁም ሳጥን አላወጣሁም። ከዚያ ወዲህ ያለውን ልምምዴን ግን በደብተር እይዛለሁ፤ አሰልጣኙን ያጣ ሌላም ይኖራል ብዬ ነው ከደብተሬ የማካፍላችሁ።

አሁን ቀይ ቀበቶ ባለ ጥቁር መስመር ላይ ነኝ። የዚህ ደረጃ ፓተርን (በተወሰነ ቅደም ተከተል የሚሠራ የእንቅስቃሴ ስብስብ) ቹንግ ሙ ሲሆን 30 እንቅስቃሴ አለው። አየር ላይ የጎን ምት አለበት፤ ዘሎ ሙሉ በሙሉ ዞሮ እዚያው ቦታ ማረፍም አለበት። ሰው ሁሉ የሚፈራው እነዚህን ነው። እኔን ያስቸገረኝ ግን መጨረሻው ነው። ቹንግ ሙ የኮሪያው አድሚራል ዪ ሱን ሺን የክብር ስም ነው። እ.ኤ.አ. በ1598 በባሕር ውጊያ መካከል ተመትተው ሞቱ። ፓተርኑ በግራ እጅ ጥቃት የሚያበቃው አቅማቸውን ሁሉ ሳያሳዩ መቀጨታቸውን ለማሰብ ነው። እኔ ደግሞ እዚያ ስደርስ ስለሚደክመኝ ግራ እጄን ወርወር አድርጌ ወዲያው እሰበስበዋለሁ። ማስተር ይህን ሲያዩ፣ «አንቺ፣ የት ልትደርሺ ነው? እጅሽን እዚያው ተዪው» ይሉኛል። ከዚያ «ባሮ»፣ ማለትም ወደ መነሻ አቋም ተመለሱ፣ እስኪሉ ድረስ መቆም ነው፤ አንዳንዴ ትከሻዬ እስኪንቀጠቀጥ።

ከአርባቸው በኋላ በመጀመሪያው ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት፣ የቀበሌው አዳራሽ ተሰበሰብን። ዘጠኝ ነበርን። ማንም ጮክ ብሎ ሊቆጥር አልደፈረም፤ ሁሉም በልቡ እየቆጠረ ሠራ። ሠላሳኛው ላይ ደረስን። ግራ እጃችን እንደተዘረጋ ቆምን። «ባሮ» የሚል የለም። ማን ይበል? አጠገቤ ያለው ልጅ ሲያለቅስ ይሰማኛል፤ እጁን ግን አላወረደም። ስንት ደቂቃ እንደቆምን አላውቅም። በኋላ በሩ ላይ መጥረጊያ ይዘው ሲያዩን የነበሩት ዘበኛ፣ «በቃ ልጆቼ፣ አውርዱ» አሉን።

ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ወደ ቾን ጂ ተመለስኩ። የጀማሪው ፓተርን ነው፤ 19 እንቅስቃሴ ብቻ። ማስተር ዳን፣ የጥቁር ቀበቶ ደረጃ፣ ይዘው እንኳ ከነጭ ቀበቶ ሕፃናት ጋር ተሰልፈው ይሠሩት ነበር። በስልኬ ራሴን ቀርጬ ሳይ ጥፋቴ ታየኝ፤ ስራመድ ጉልበቴን ቀጥ አድርጌ እቆልፈዋለሁ፣ ስለዚህ ምቱ ከክንዴ ብቻ ይወጣል። ማስተር «ዝቅ፣ ከፍ፣ ዝቅ» የሚሉን ለዚህ ነበር። «እስክስታ በትከሻ ነው፤ ይሄ በጉልበት ነው» ሲሉን እንስቅ ነበር። አሁን በየጠዋቱ አሥር ጊዜ ቀስ ብዬ እሠራዋለሁ። በስድስተኛው ሳምንት ገደማ ጉልበቴ መላላት ጀመረ፤ ምቱም ከዳሌዬ ሲነሳ ይታወቀኛል።

ስልጠና የጀመርኩት በ31 ዓመቴ ነው። ዘግይቻለሁ እያልኩ ሳማርር ማስተር፣ የዚህ የቴኳንዶ ስልት መሥራች ጄኔራል ቾይ ሆንግ ሂ ፓተርኖቹን ለምን 24 እንዳደረጓቸው ነገሩኝ። የቀኑ 24 ሰዓት ምሳሌ ናቸው፤ የሰው ዕድሜ ከዘላለም ጋር ሲተያይ አንድ ቀን ነው። «ታዲያ አንቺ ገና ማለዳ ላይ ነሽ» አሉኝ። እሳቸው ራሳቸው ስንት ሰዓት ላይ እንደነበሩ አልጠየቅኳቸውም።

ካለፈው ወር ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ሕፃናቱን እኔ ነኝ የማሠራው። ሃና፣ ዱል፣ ሴት፣ ኔት እያልኩ በኮሪያኛ እቆጥራለሁ። በመጀመሪያው ቅዳሜ ቾን ጂን ጨርሰው፣ እጃቸውን ዘርግተው አፍ አፌን ያዩኛል። ቃሉ ጉሮሮዬ ላይ ቆመ። ከፊት የነበረው ትንሹ ልጅ፣ «ቲቸር፣ ባሮ አላልሽም እኮ» አለኝ።

አልኩ።

የአየር ላይ የጎን ምቴ ገና ዝቅ ያለ ነው፤ ከወገብ አያልፍም። የመጨረሻውን ግራ እጄን ግን አሁን አልሰበስበውም።