የመጀመሪያውን የወርቅ ሜዳልያ የወሰደው የቦሊውድ ፊልም አይደለም

ዛሬ ቀኑን ሙሉ ስለ ህንድ ብሄራዊ የፊልም ሽልማት ሳነብ ነው የዋልኩት። የተጀመረው በ1954 እ.ኤ.አ ነው፣ እና ለምርጥ ፊልም ይሰጥ የነበረውን የመጀመሪያውን የፕሬዝዳንት የወርቅ ሜዳልያ የወሰደው የሂንዲ ፊልም እንዳይመስላችሁ፣ በማራቲ ቋንቋ የተሰራ "ሽያምቺ አኢ" የሚባል ስለ እናትና ልጅ የሆነ ፊልም ነው!! በሶስተኛው ዙር ደሞ የዳይሬክተሩ የሳትያጂት ራይ ፊልም "ፓተር ፓንቻሊ" ወሰደው፣ እሱ ደሞ ቤንጋሊ ነው። ለየቋንቋው ምርጥ ፊልምም ለብቻው ሽልማት አለ፣ ይሄ ነገር በጣም ነው የነካኝ ምክንያቱም እኛም አገር በኦሮምኛ በትግርኛ በሌላውም የሚለፉ ልጆች አሉ፣ መንግስት ከአማርኛው እኩል አይቶ ቢሸልማቸው እንዴት ደስ ባለኝ።

ተዋንያን ግን ብዙ ጠብቀዋል፣ በ1967 ለወጡ ፊልሞች ነው ለነሱ የተጀመረው፣ ከሴት ናርጊስ ከወንድ ኡታም ኩማር አሸነፉ። ለእማዬ ስነግራት "ናርጊስማ ይገባታል!" አለች፣ "ማዘር ኢንዲያ" ላይ ነው የምታውቃት።

አሁን "ሽያምቺ አኢ"ን በእንግሊዝኛ ሰብታይትል እየፈለግኩ ነው፣ ሊንክ ያላችሁ ኮመንት ላይ ጣሉልኝ 🙏