የባሕር ዓሣ ገንዳ ሲታወክ ውሃውን አስቀድሞ መመርመር

እዚህ በዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ የባሕር ዓሣና ኮራል በቤታቸው የሚያሳድጉ ወዳጆቼ ገንዳቸው ሲታወክ የሚጠይቁኝ የትኛውን መድኃኒት እንደሚገዙ ነው። መልሴ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ጠርሙሱን ከመክፈታችሁ በፊት ውሃውን ለክታችሁ ቁጥሩን ንገሩኝ እላቸዋለሁ። በዓሣው ወይም በኮራሉ ላይ የሚታየው ምልክት አብዛኛውን ጊዜ ውሃው ውስጥ ቀደም ብሎ የጀመረ ችግር ውጤት ነው፤ መንስኤው ሳይታወቅ የሚጨመር ነገር ደግሞ በአንዱ ችግር ላይ ሌላ ይደርብበታል።

ገንዳው አዲስ ከሆነ አስቀድሞ የሚጠረጠረው አሞኒያ ነው። ዓሣ በስንጥቡ በኩል አሞኒያ ያስወጣል፤ የተረፈ ምግብም ሲበሰብስ ያንኑ ይፈጥራል። በድንጋዩና በአሸዋው ላይ የሚራቡ ባክቴሪያዎች አሞኒያውን ወደ ናይትራይት፣ ሌሎቹ ደግሞ ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት ይለውጡታል፤ ይህ ሥርዓት እስኪደራጅ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል። ናይትራይት በጨው ውሃ ውስጥ ዓሣን የመጉዳት ኃይሉ ጨው በሌለው ውሃ ካለው እጅግ ያነሰ ስለሆነ ቁጥሩን አይቶ መደናገጥ አያስፈልግም፤ አሞኒያ ግን ከዜሮ በላይ ሲሆን ወዲያውኑ የውሃውን ከፊል መቀየር ይገባል። በቆየ ገንዳ ውስጥ አሞኒያ ድንገት ከተገኘ ከድንጋዩ ጀርባ የሞተ ቀንድ አውጣ ወይም ዓሣ መኖሩን መፈለግ ይቀድማል።

ለለውጥ የምንጠቀምበት ውሃም ራሱ መመርመር አለበት። ክሎሪን ያለበት የቧንቧ ውሃ በባልዲ ሲያድር ክሎሪኑ በንኖ ይወጣል፤ ዲሲና ጎረቤቷ አርሊንግተን የሚደርሰው ውሃ ግን ከዓመቱ ጥቂት ሳምንታት በስተቀር የሚታከመው የክሎሪንና የአሞኒያ ውህድ በሆነው በክሎራሚን ነው፤ ክሎራሚን ደግሞ ውሃውን በማሳደር ብቻ አይለቅም። ስለዚህ ውሃው በካርቦን፣ በሪቨርስ ኦስሞሲስ (በስስ ሽፋን በሚያጣራው መሣሪያ) እና በመጨረሻም የቀረውን የሟሟ ማዕድን በሚይዘው ሬዚን አልፎ የቲዲኤስ (በውሃው የሟሙ ነገሮች መጠን) መለኪያው ዜሮ ሲያሳይ ብቻ ጨው ቢበጠበጥበት ይሻላል።

ጨዋማነትን በተመለከተ ደጋግሜ የማየው ስሕተት ተኖ የጎደለውን ውሃ በጨው ውሃ መተካት ነው። የሚተነው ውሃው ብቻ ሆኖ ጨው ስለሚቀር፣ የጎደለው በንጹሕ ጨው አልባ ውሃ ካልተሞላ ጨዋማነቱ ቀን በቀን ይወጣል። የተፈጥሮ የባሕር ውሃ በኪሎ ግራም ወደ 35 ግራም ጨው ይይዛል፤ በገንዳም የምንጠብቀው ይህንኑ ነው። የጨዋማነት መለኪያው ሪፍራክቶሜትር ራሱ ሊሳሳት ስለሚችል 35 ተብሎ በተዘጋጀ የማስተካከያ ፈሳሽ አልፎ አልፎ መፈተሽ አለበት።

በክረምት ወራት፣ በሮችና መስኮቶች ተዘግተው ማሞቂያ ሲሠራ፣ ብዙዎቹ የሚያማርሩት ፒኤች፣ ማለትም ውሃው አሲዳማ ሲሆን የሚቀንሰው ልኬት፣ መውረዱን ነው። የባሕር ውሃ ፒኤች ከ8.1 እስከ 8.3 ሲሆን የእነርሱ 7.8 ደርሶ ያገኙታል። ምክንያቱ ብዙ ጊዜ የቤቱ አየር ነው፤ ከሰዎች ትንፋሽና ከጋዝ ምድጃ የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ውሃው ውስጥ ገብቶ አሲድ ይሆናል፤ ቆሻሻን በአረፋ የሚያወጣው ፕሮቲን ስኪመርም ያንኑ አየር እየሳበ ከውሃው ጋር ያዋህደዋል። በእኛ ቤት ደግሞ የቡና ሥነ ሥርዓት አለ፤ በተዘጋ ክፍል ከሰል ማቀጣጠል ለሰው ሕይወት አደገኛ ስለሆነ ፈጽሞ መደረግ የለበትም፤ የዕጣኑም ጢስ ስኪመሩ ከሚስበው አየር ቢርቅ መልካም ነው። ጥርጣሬውን ለማረጋገጥ ከገንዳው አንድ ብርጭቆ ውሃ ወስዶ ከቤት ውጭ በአየር ፓምፕ ለአንድ ሰዓት ያህል አናፍሶ እንደገና መለካት ይበቃል፤ ፒኤቹ ከወጣ ጥፋቱ የክፍሉ አየር ነው፤ መፍትሔውም የስኪመሩን የአየር ቱቦ በመስኮት ወደ ውጭ ማውጣት ነው። ፒኤች ያሳድጋል የሚባለው ዱቄት በዚህ ጊዜ አይረዳም፤ ፒኤቹ ተመልሶ ይወርዳል፣ አልካላይኒቲው (ውሃው አሲድን የመቋቋም አቅሙ) ግን እየተከማቸ ይሄድና ካልሲየሙ ነጭ ቅርፊት ሆኖ በፓምፑና በማሞቂያው ላይ ይጋገራል።

አልጌን በተመለከተ ሁሉንም በአንድ ስም ጠርቶ በአንድ መንገድ መዋጋት ከፍተኛ ጉዳት ያደርሳል። በአዲስ ገንዳ አሸዋ ላይ የሚታየው ቡናማ አቧራ መሰል ነገር ዳያተም የተባለ ባለ አንድ ሕዋስ አልጌ ነው፤ ቅርፊቱን የሚሠራበትን ሲሊኬት የተባለ ማዕድን ሲጨርስ በራሱ ይጠፋል። ቀይ ወይም ሐምራዊ ሆኖ እንደ ምንጣፍ የሚነጠፈው ሲያኖባክቴሪያ የተባለ በብርሃን የሚያድግ ባክቴሪያ ሲሆን የውሃ ፍሰት በደከመበትና የምግብ ትራፊ በተከማቸበት ስፍራ ይበረታል፤ በቱቦ እየሳቡ ማውጣትና ፍሰቱን ማጠንከር ይበጀዋል። እጅግ የሚያሳስበኝ ግን ዳይኖፍላጀሌት የተባለው ባለ አንድ ሕዋስ ፍጡር ነው። ቡናማ፣ ዝልግልግ፣ በክሮቹ ጫፍ የአየር አረፋ የያዘ ነው፤ አልጌን የሚመግቡት ናይትሬትና ፎስፌት ዜሮ በሆኑበት፣ ማለትም አሳዳጊው እጅግ ንጹሕ ነው ብሎ በሚደሰትበት ገንዳ ውስጥ ይነሣል። ይህን እንደ ሌሎቹ በምግብ ቅነሳና በተደጋጋሚ የውሃ ለውጥ ሊያጠፉት ሲሞክሩ ይባባሳል፤ የሚፈለገው በተቃራኒው ናይትሬትና ፎስፌት በመጠኑ እንዲገኙ ማድረግ ነው። ስለዚህ ከመታገል በፊት ናሙናውን በርካሽ ማይክሮስኮፕም ቢሆን ማየት ብዙ ድካም ያድናል።

ዓሦቹ ሁሉ በአንድ ጊዜ ቶሎ ቶሎ ቢተነፍሱና ወደ ውሃው ገጽ ቢወጡ መጀመሪያ የሚታሰበው ኦክስጅን ማነሱ ነው፤ ሞቃትና ጨዋማ ውሃ የሚይዘው ኦክስጅን ጥቂት ነውና። የቆመ ፓምፕ ካለ መፈተሽና የውሃውን ገጽ ማናወጥ ይገባል፤ መብራት ለሚጠፋበት ጊዜም በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕ ማስቀመጥ ግዴታ ነው እላለሁ። ምልክቱ በአንድ ዓሣ ላይ ብቻ ከሆነ ግን ወደ በሽታ ማተኮር ይሻላል።

ከበሽታዎቹ በብዛት የሚያጋጥመው ነጭ ነጠብጣብ የሚያወጣው ክሪፕቶካርዮን የተባለ ተውሳክ ነው። ነጠብጣቡ በጥቂት ቀናት ውስጥ ሲጠፋ ዓሣው ዳነ ይባላል፤ ነገር ግን ተውሳኩ ከዓሣው ወርዶ በአሸዋና በድንጋይ ላይ ተጣብቆ ይራባል፤ በብዛትም ይመለሳል። መዳብ ተውሳኩን ይገድላል፤ ይሁንና ኮራልንና ሽሪምፕንም ስለሚገድል፣ ድንጋዩም ስለሚመጠው በዋናው ገንዳ ፈጽሞ አይጨመርም። ዓሦቹ በሙሉ ወደ ባዶ የሕክምና ገንዳ ተወስደው መዳቡ በየዕለቱ እየተለካ ይታከማሉ፤ ዋናው ገንዳም ያለ ዓሣ ይቆያል፤ በአሳዳጊዎች ዘንድ የተለመደው ጊዜ 76 ቀን ነው። በሕክምናው ገንዳ ድንጋይ ስለሌለ አሞኒያ በፍጥነት ይከማቻል፤ ስለዚህ ውሃው በተደጋጋሚ መቀየር አለበት፤ የሚጨመረው አዲስ ውሃም በገንዳው ካለው ጋር እኩል መዳብ ካልያዘ መጠኑ ወርዶ ሕክምናው ከመጀመሪያው እንዲቆጠር ያደርጋል።