ሞተሩን በክብደቱ መምረጥ፦ ለኮረኮንች፣ ለአሸዋና ለረጅም ጉዞ የማዘጋጅበት መንገድ

ለኮረኮንችና ለአሸዋ መንገድ ሞተር ሳይክል ስመርጥ የፈረስ ጉልበቱን የማነበው በመጨረሻ ነው። ቀድሜ የማየው ነዳጁን ሞልቶ ስንት ኪሎ እንደሚመዝንና አምራቹ ስንት ኪሎ ጭነት እንደፈቀደለት ነው። ከጎማው እስከ ሻንጣው ያለው ሌላው ምርጫ ሁሉ ከእነዚህ ሁለት ቁጥሮች ተከትሎ ይመጣል።

ልዩነቱን ለማየት ሦስት ሞተሮች ይበቃሉ። ቢኤምደብልዩ አር 1250 ጂኤስ አድቬንቸር ከነነዳጁ 268 ኪሎ፣ ያማሃ ቴኔሬ 700 ደግሞ 205 ኪሎ አካባቢ ይመዝናሉ፤ ሆንዳ ሲአርኤፍ 300 ኤል ከ142 ኪሎ አያልፍም። የመጀመሪያው 30 ሊትር ይይዛል፤ ሁለት ሰው ጭኖ አስፋልቱን ቀኑን ሙሉ ቢገፋ አይበግረውም። ጥልቅ አሸዋ ውስጥ ሲተኛ ግን ከነሻንጣው ከ300 ኪሎ በላይ ነው። ትንሹን ሆንዳ አንድ ሰው ብዙ ሳይታገል ያነሳዋል። በምላሹ ፈጣን አስፋልት ላይ ይጨነቃል፣ ታንኩም 7.8 ሊትር ብቻ ነው። ለብቻው ለሚጓዝና ግማሽ መንገዱ ኮረኮንች ለሆነ ሰው ከ140 እስከ 210 ኪሎ ባለው ክልል ውስጥ እንዲፈልግ እመክራለሁ። ከዚያ በላይ ያለው ሞተር አብሮት የሚያነሳ ጓደኛ ይፈልጋል።

ከመግዛቴ በፊት ሞተሩን አሮጌ ጎማ ላይ በጎኑ አስተኝቼ ብቻዬን አነሳዋለሁ፤ ሻጩ ፊቱን ቢያጠቁርም። እንዳይንከባለል ማርሽ አስገባለሁ፤ በቀኝ ጎኑ ከተኛ የጎን ማቆሚያውን አስቀድሜ እዘረጋለሁ። መሪውን ጥግ ድረስ አዙሬ፣ መቀመጫውን በጀርባዬ ተደግፌ፣ በእግሬ ጉልበት እየገፋሁ በትናንሽ እርምጃ ወደ ኋላ እሄዳለሁ። ወገብን አጉብጦ መጎተት ጡንቻ ይቀድዳል። ባዶውን በተከታታይ ሦስት ጊዜ ማንሳት ካቃተኝ ጭነት ሲጨመርበት እንደማልችለው አውቃለሁ፣ ሌላ እፈልጋለሁ።

የጭነቱ ሒሳብ ብዙ ሰው የሚዘለው ነው። በመመሪያ መጽሐፉ ላይ ያለው ከፍተኛ ጠቅላላ ክብደት ላይ የሞተሩን ከነነዳጅ ክብደት ስቀንስ የሚተርፈው እኔንም ይጨምራል። ይህ ቁጥር 190 ኪሎ ነው እንበል። ነጂው ከነልብሱ 92፣ የአሉሚኒየም ሳጥኖች ከነመያዣቸው 18፣ የመከላከያ ብረቶች 8፣ መሣሪያና መለዋወጫ 9፣ ድንኳንና መኝታ 12፣ ውሃና ምግብ 10። ድምሩ 149 ይሆናል፤ ሌላ ሰው መጨመር አይቻልም። በትንንሾቹ ሞተሮች ደግሞ የሚፈቀደው ጭነት ከ150 በታች ሊወርድ ስለሚችል ይኸው ነጂ ከነዕቃው ብቻውን ይሞላዋል። ትርፍ ጭነት በመጀመሪያ የሚሰብረው የኋላውን መቀመጫ ተሸካሚ ሻንሲ ነው። የሚሰነጠቀውም አብዛኛውን ጊዜ ከኋላ ጎማው ፐርኖ (ጎማው ከሚዞርበት ዘንግ) ወዲያ ከባድ ነገር ሲንጠለጠልበት ነው።

ነዳጁን የማሰላው በክፉው ፍጆታ ነው። በአስፋልት በ100 ኪሎ ሜትር 4.5 ሊትር የሚበላ ሞተር በ16 ሊትር 355 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። አሸዋ ውስጥ ፍጆታው 6 ሊትር ሲደርስ ያው ታንክ ከ266 ኪሎ ሜትር አያልፍም፤ ከዚያም ላይ 50 ለመጠባበቂያ እቀንሳለሁ። ከፍታም መታሰብ አለበት። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ 10 በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል። ካርቡሬተር ያለው በዚያ ላይ ነዳጁ ይበዛበትና ይታፈናል፤ ኢንጀክሽን ያለው ነዳጁን ራሱ ያስተካክላል፣ ጉልበቱን ግን አይመልስም።

ወደ ጎማ ልምጣ፤ ገንዘብ የሚገባው እዚህ ነው። የፊት ቸርኬ 21 ኢንች፣ የኋላው 18 ኢንች እንዲሆን እፈልጋለሁ። ሰፊ ዙር ያለው የፊት ጎማ ድንጋይና ጉድጓድ ላይ ቶሎ ይወጣል፤ በሁለቱም መጠን የኮረኮንች ጎማ ማግኘት ቀላል ነው። ጥርሱ በጣም የጎረበጠ ጎማ አሸዋ ላይ ደስ ቢልም እርጥብ አስፋልት ላይ ያንሸራትታል፣ ቶሎም ያልቃል። ፊት ላይ ጥርሳሙን፣ ኋላ ላይ መካከለኛውን አደርጋለሁ። የፊቱ ሲንሸራተት መውደቅ ይከተላል፤ የኋላው ቢንሸራተት ብዙ ጊዜ ይመለሳል።

ንፋሱን የምለካው ጠዋት፣ ጎማው ሳይሞቅ ነው። ከነጭነቱ በአስፋልት ፊት 2.2፣ ኋላ 2.5 ባር፤ በጠጠር 1.8 እና 2.0፤ በአሸዋ 1.3 እና 1.4 አካባቢ እጀምራለሁ። የአሸዋውን ንፋስ ይዞ ከ50 ኪሎ ሜትር በሰዓት በላይ መሮጥ ጎማውን ከውስጥ ያግለዋል፤ ድንጋይ ሲመታም ጎማው እስከ ቸርኬው ተጨፍልቆ ከመነዳሪው (የውስጡ ጎማ) ጎን ለጎን ሁለት ቦታ ይበሳል። እንዲህ ዓይነት ጥንድ ቀዳዳ ሲገኝ ሚስማር መፈለግ ዋጋ የለውም፤ ጥፋቱ የንፋሱ ማነስ ነው። ስለዚህ መንፊያው እንደ ውሃ ዕቃው ሁልጊዜ አብሮኝ አለ።

ራጂ (የሽቦ ዘንጎች) ያለው ቸርኬ በአብዛኛው ከመነዳሪ ይፈልጋል። አንድ መለዋወጫ ብቻ መያዝ ካለብኝ የ21 ኢንቹን እይዛለሁ፤ ለኋላው 18 ትንሽ ታጥፎ እስከ ቀጣዩ ከተማ ያደርሳል፣ የ18ቱ ግን 21 ላይ ሲለጠጥ ይሳሳል። አጥብቄ የምለው ነገር ቢኖር ጎማ መቀየርን ቤት ደጅ፣ በጉዞው መሣሪያ ብቻ መለማመድ ነው። ንፋሱን ሙሉ በሙሉ አስወጥቶ የጎማውን ከንፈር፣ ማለትም ቸርኬው ላይ የሚቀመጠውን ጠርዝ፣ በሁለቱም በኩል ከቸርኬው ማላቀቅ ይቀድማል። ከዚያ የፈልቃቂውን ብረት በየ5 ሴንቲ ሜትሩ በትንሽ በትንሹ ማስገባት ነው፤ በአንዴ ብዙ መንቀል ቸርኬ ያጎብጣል። ሚስጥሩ ተቃራኒው ወገን ላይ ነው። በዚያ በኩል ያለው ከንፈር ወደ ቸርኬው መሃል ጎድጓዳ ቦታ ካልገባ በዚህ በኩል ምንም ያህል ቢታገሉ አይወጣም፤ በጉልበት ተንበርክኮ እዚያው መያዝ ያስፈልጋል።

አዲሱን ከመግጠሜ በፊት የጎማውን ውስጥ በጨርቅ እዳስሳለሁ፤ የበሳው እሾህ እዚያው ካለ አዲሱንም ይበሳዋል። ከመነዳሪውን ቅርጽ እስኪይዝ ትንሽ ነፍቼ አስገባለሁ፤ ባዶውን የገባ ይጠማዘዛል። መጨረሻዋን ስንዝር ለማስገባት ብዙ ኃይል ካስፈለገ ቆም ማለት ነው፤ ተቃራኒው ወገን ከጎድጓዳው ወጥቷል ማለት ነውና። በኃይል የተገፋ ብረት አዲሱን ከመነዳሪ ቆንጥጦ ይቀድደዋል። በሳሙና ውሃ አርሼ እስከ 2.5 ወይም 3 ባር እነፋዋለሁ። ጎማው ጎን ላይ ያለው ቀጭን መስመር ዙሪያውን ከቸርኬው እኩል መራቁን አይቼ ወደሚፈለገው ዝቅ አደርጋለሁ። የቫልቩን ዳዶ ቸርኬው ላይ አላጠብቀውም፤ ወደ ክዳኑ አውጥቼ እተወዋለሁ። ጎማው ቸርኬው ላይ ሲዞር ቫልቩ ያዘነብላል፣ ያኔ ምልክቱን አይቼ አስተካክላለሁ። የተጠበቀ ዳዶ ግን ቫልቩን ከሥሩ ያስቆርጠዋል፤ እሱ ደግሞ አይለጠፍም።

ለጥጋኝ፣ ቦታውን በብርጭቆ ወረቀት ካሻከርኩ በኋላ ማስቲሹን ስስ አድርጌ ቀብቼ ማንጸባረቁ እስኪጠፋ አደርቀዋለሁ። እርጥብ ማስቲሽ ላይ የተለጠፈ ጥጋኝ ጎማው ሲሞቅ ይለቃል።

ከጎማ ቀጥሎ ሞላው ነው። ፋብሪካው የሚገጥመው ሞላ ብዙ ጊዜ ሻንጣ ለሌለው መካከለኛ ክብደት ላለው ነጂ የታሰበ ነው። ሞላው ከነጭነቱ ምን ያህል እንደሚወርድ መለካት ሜትርና ሁለት ረዳት ይፈልጋል። የኋላ ጎማው ከመሬት ተነሥቶ እያለ ከፐርኖው እስከ ጭራው ላይ ምልክት ያደረግኩበት ነጥብ እለካለሁ። ቀጥሎ ሙሉ ልብሴን ለብሼ፣ ጭነቱ ተጭኖ፣ ተቀምጬ አስለካለሁ። ልዩነቱ የኋላ ጎማው ወደ ላይና ወደ ታች ከሚጓዘው ጠቅላላ ርቀት 30 እስከ 33 በመቶ መሆን አለበት፤ ጎማው 200 ሚሊ ሜትር የሚጓዝ ከሆነ ከ60 እስከ 66 ሚሊ ሜትር። ከዚያ በላይ ከወረደ የሞላውን ማጥበቂያ እጨምራለሁ። ወጥመዱ ግን እዚህ አለ። ማጥበቂያው ጥግ ደርሶ ልኩ ቢስተካከልም ሞተሩ ያለ ነጂና ያለ ጭነት በራሱ ክብደት ምንም የማይወርድ ከሆነ ሞላው ለጭነቱ ለስላሳ ነው፤ ማጥበቅ ጠንካራ አያደርገውም። ጠንከር ያለ ሞላ መግዛት ብቻ ነው መፍትሔው። ከብዙ አብረቅራቂ ተጨማሪ ዕቃዎች ይልቅ ለዚህ ብከፍል እመርጣለሁ።

ሻንጣ ላይ ለስላሳውን እደግፋለሁ። የአሉሚኒየም ሳጥን ይቆለፋል፣ እንደ ጠረጴዛም ያገለግላል። ነገር ግን አሸዋ ላይ እግር ወርዶ ሲረግጥ ሳጥኑ ከኋላ መጥቶ ቁርጭምጭሚት ይይዛል፤ ሲወድቅም መያዣውን አጉብጦ መዝጊያው አይገጥምም። የጨርቁ ከረጢት በመርፌና በጥርስ ማጽጃ ክር ይሰፋል። ማርሚታው (የጭስ ማውጫው) በኩል ያለው ከረጢት እንዳይቀልጥ በመካከላቸው ላሜራ ማስገባት የግድ ነው። መሣሪያና ውሃ ዝቅ ብለው ወደ ፊት፣ መኝታ ከላይ ወደ ኋላ።

መከላከያን በተመለከተ ሦስት ነገር በቂዬ ነው፦ በሁለት ነጥብ የታሰረ የብረት እጅ መከላከያ፣ 4 ሚሊ ሜትር የአሉሚኒየም የሆድ ጋሻ፣ ራዲያተር ካለው የራዲያተር መረብ። ትላልቅ የጎን ብረቶች ሞተሩ በፍጥነት ሲወድቅ ምቱን ወደ ሻንሲው ማሰሪያ ሊያሳልፉት ስለሚችሉ ከመግዛቴ በፊት የት እንደሚታሰሩ አያለሁ። የፍሬንና የፍሪሲዮን እጀታ ማሰሪያዎችን ከመሪው ላይ በቴፍሎን ጥቅል አልብሼ መጠነኛ አድርጌ አስራለሁ፤ ሲወድቅ ይዞራሉ እንጂ አይሰበሩም።

አቧራ ሞተር ይገድላል። ዘይት የተቀባ የስፖንጅ ፊልትሮ ሁለት ተዘጋጅቶ በፕላስቲክ ከረጢት ይያዛል፤ ጠርዙ ላይ ስስ ቅባት ይቀባል። ከፊልትሮው ወዲያ ያለውን ቱቦ በጣት ጠርጌ አቧራ ካገኘሁ ፊልትሮው በትክክል አልተቀመጠም ማለት ነው። ካቴና (ሰንሰለቱ) ላይ የብዙ ሰው ስህተት ማጥበቅ ነው። ሞተሩ ባዶ ሆኖ ልክ የመሰለ ካቴና ጭነት ሲወርድበት ይወጠርና የማርሽ ሳጥኑን መውጫ ኩሽኔታ ይበላዋል። ልኩን የማየው ጭነቱ ተጭኖ፣ በጣም በሚጠብቅበት ቦታ ላይ ነው።

የኤሌክትሪኩ ነገር አጭር ነው። የጀነሬተሩ ትርፍ ዋት ሳይታወቅ መብራትና ማሞቂያ አይጨመርም፤ የእጅ ማሞቂያ ብቻውን 30 እስከ 40 ዋት ይበላል። እያንዳንዱ አዲስ ሽቦ ባትሪው አጠገብ ፊውዝ ይኑረው። ሞተሩ እየሠራ ባትሪው ላይ ከ13.8 እስከ 14.4 ቮልት ካላሳየ ጉዞው አይጀመርም።

ልብስ ላይ ገንዘብ ካነሰ ከጃኬት በፊት ቦት ጫማ እገዛለሁ። ሞተሩ በዝግታ ሲወድቅ የሚያርፈው እግር ላይ ነው፤ ተጣጣፊ የእግር ጉዞ ጫማ ደግሞ ቁርጭምጭሚትን አይዝም። የደኅንነት መስፈርቶቹንም አያለሁ፦ ሄልሜቱ ላይ ኢሲኢ 22.06 የሚል ምልክት፣ ልብሱ ላይ ኢኤን 17092 ደረጃ ኤኤ ወይም ኤኤኤ እፈልጋለሁ። የጀርባ መከላከያው ኢኤን 1621-2 ደረጃ 2 ቢሆን ይሻላል፤ በፈተናው የሚያሳልፈው አማካይ ኃይል ከ9 ኪሎ ኒውተን አይበልጥም፣ የደረጃ 1 ወሰን 18 ነው። ለሙቀት ንፋስ የሚያስገባ ጃኬት ለብሼ ዝናቡን ከላይ በሚደረብ ቀላል ልብስ እከላከላለሁ። ውኃ የማያስገባው ሽፋን ከውስጥ ያለበት ጃኬት ውጭው ውሃ ጠጥቶ ይከብዳል፣ ያበርዳልም።

መሣሪያ የምመርጠው ከጉዞው አንድ ሳምንት በፊት ሞተሩን ልይዘው ባሰብኩት ቁልፍ ብቻ ፈትቼ በመግጠም ነው፤ ያልተነካው ቁልፍ ቤት ይቀራል። ከዚያ ውጭ የፍሪሲዮን ገመድ፣ የካቴና ማያያዣ፣ አንድ እጀታ፣ ፊውዝ፣ የብረት ሙጫ፣ ሽቦ፣ ኤም 6 እና ኤም 8 ቡሎኖች ይገባሉ። ኤም 6 ቡሎን 10 ኒውተን ሜትር፣ ኤም 8 22 አካባቢ ይበቃዋል፤ አሉሚኒየም ውስጥ ከዚያ በላይ ሲጠብቅ ጥርሱ ይላጫል። የመጀመሪያው የኮረኮንች ቀን ማታ ቁልፉን ይዤ የሻንጣ መያዣውን፣ የሆድ ጋሻውን፣ የማርሚታውን ማሰሪያና የኋላውን የካቴና ጥርስ ዳዶዎች በዚሁ ቅደም ተከተል አያለሁ፤ ራጂዎቹንም አንድ በአንድ በቁልፍ መታ መታ አደርጋለሁ። ጠብቆ ያለው ጥርት ብሎ ይጮኻል፤ የላላው ድምፁ የታፈነ ነው፣ ሩብ ዙር ብቻ ይጠብቃል።